በአንድ ክፍል ማደርና የሕፃናት እንቅልፍ

ሰው በገዛ ቤቱ ሲኖር እንቅልፍን እንደ ተራ ነገር ይቆጥረዋል። ሲመሽ እራቱን ይበላል፤ እግሩን ይታጠባል፤ መኝታው ላይ ጋደም ይላል፤ ሳያውቀውም ይነጋል። ከቤቱ ወጥቶ በእንግዳ አገር፣ በእንግዳ ማደሪያ ያደረ እንደ ሆነ ግን የእንቅልፍን ዋጋ ይረዳል። በተለይም ትንንሽ ልጆችን ይዞ የሚጓዝ ቤተሰብ፣ አባትና እናት፣ አያትና የልጅ ልጆች፣ ሁሉም በአንድ ክፍል እንዲያድሩ በሚገደዱበት ጊዜ ችግሩ እጥፍ ድርብ ይሆናል። አንዱ ሊተኛ ሲል ሌላው ያወራል፤ አንዱ መብራት ያጠፋል፣ ሌላው ያበራል፤ ሕፃኑ ያለቅሳል፤ እርሱን ለማባበል ሲባልም የተኙት ሁሉ ይነቃሉ።

የዚህ ምንባብ ዓላማ ብዙ ሰው በአንድነት በሚያድርበት ክፍል ውስጥ የሕፃናትን የመኝታ ሰዓት እንዴት ማስከበር እንደሚቻል ማስረዳት ነው። ለምሳሌነት የተመረጠውም ከኢትዮጵያ ምዕራባዊ ወሰን ማዶ የሚገኘው የገዳሪፍ አካባቢ ነው። ምክንያቱም በዚያ አካባቢ ይህ ጉዳይ የምቾት ጥያቄ ብቻ ሳይሆን የጤና፣ አንዳንድ ጊዜም የሕይወት ጥያቄ በመሆኑ ነው።

፩. መንገዱና ማደሪያው

ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ሱዳን የሚወርድ መንገደኛ በአዘዞና በአይከል በኩል አድርጎ፣ ነጋዴ ባሕርንና ገንዳ ውኃን አልፎ መተማ ዮሐንስ ይደርሳል። መተማ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ከደርቡሾች ጋር ሲዋጉ የወደቁባት ስመ ጥር ቦታ ናት። ከመተማ ቀጥሎ አንዲት ትንሽ ድልድይ ተሻግሮ የሱዳኗ ገላባት ትገኛለች። ከገላባት እስከ ገዳሪፍ ከተማ ያለው ርቀት 150 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስትገኝ፣ የገዳሪፍ ከፍታ ግን ወደ 600 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ከፍታ በ1,000 ሜትር በቀነሰ ቁጥር ሙቀቱ በአማካይ 6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ስለሚጨምር፣ በአንድ ቀን ጉዞ ከደጋ ወደ ቆላ የወረደ ሕፃን እናቱ ጋቢ ደርባ ካስተኛችው አገር ተነሥቶ ቀሚስ እንኳ ወደሚከብድበት አገር ይገባል ማለት ነው። ከዝናቡ ወራት በፊት በሚያዝያና በግንቦት የገዳሪፍ የቀን ሙቀት 40 ዲግሪ ይደርሳል፤ አንዳንድ ቀንም ከዚያ ያልፋል።

በዚህ መንገድ ብዙ ዓይነት ሰዎች ተመላልሰዋል። ከፊሎቹ ነጋዴዎች ናቸው። ከፊሎቹ በሰሊጥና በማሽላ እርሻዎች ላይ ለመሥራት የሚወርዱ የቀን ሠራተኞች ናቸው። ከፊሎቹም ዘመድ ለመጠየቅ ቤተሰባቸውን ይዘው የሚጓዙ ናቸው። ክፉ ቀን ሲመጣ ደግሞ መንገዱ የስደተኞች መንገድ ሆኗል። በ1970ዎቹ ዓ.ም. ከጦርነትና ከረኃብ የሸሹ ኢትዮጵያውያን በገዳሪፍ ግዛት በኡም ራኩባ ሰፍረው ነበር። በኅዳርና በታኅሣሥ 1977 ዓ.ም. ከሱዳን በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ከተወሰዱት ቤተ እስራኤላውያን መካከል ብዙዎቹ በዚህ ሰፈር ያለፉ ናቸው። በ1913 ሳይሆን በእኛው ዘመን፣ በ2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት ሳቢያ ከ60,000 በላይ ሰዎች ወደ ምሥራቅ ሱዳን በተሻገሩ ጊዜ ኡም ራኩባ እንደገና ተከፈተ፤ ቱናይድባ የተባለ ሁለተኛ ሰፈርም ተጨመረ። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ሲቀሰቀስ ደግሞ የስደተኛው ጎርፍ አቅጣጫውን ለወጠ። ከካርቱምና ከሌሎች ከተሞች የሸሹ ቤተሰቦች በገዳሪፍ በትምህርት ቤቶች ክፍሎች ውስጥ ሳይቀር ተጠለሉ፤ ሌሎችም ወሰኑን ተሻግረው መተማ ገቡ።

እንግዲህ በዚህ አካባቢ «አንድ ክፍል» ሲባል ብዙ ነገር ማለት ነው። ለአንዱ ሱዳኖች ሎካንዳ በሚሉት ርካሽ ማደሪያ የተከራየው ክፍል ነው። ለሌላው የዘመድ ቤት ነው። ለሌላው የሣር ጎጆ ወይም ድንኳን ነው። ለሌላው ደግሞ ጥቁር ሰሌዳው ከነጠመኔው የቀረበት የመማሪያ ክፍል ነው። ማደሪያው ይለያይ እንጂ የሕፃኑ ፍላጎት አንድ ነው።

፪. ሕፃናት ምን ያህል መተኛት ይገባቸዋል?

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ ከተወለደ 3 ወር ያልሞላው ሕፃን በ24 ሰዓት ውስጥ ከ14 እስከ 17 ሰዓት መተኛት ይኖርበታል። ከ4 እስከ 11 ወር ያለው ከ12 እስከ 16 ሰዓት፣ የ1 እና የ2 ዓመት ሕፃን ከ11 እስከ 14 ሰዓት፣ የ3 እና የ4 ዓመት ልጅ ደግሞ ከ10 እስከ 13 ሰዓት መተኛት ያስፈልገዋል። በዚህ ቁጥር ውስጥ የቀን እንቅልፍም ይቆጠራል። ከ6 እስከ 12 ዓመት ያሉ ተማሪዎች ከ9 እስከ 12 ሰዓት እንዲተኙ ሐኪሞች ይመክራሉ።

እንቅልፍ ለሕፃን ዕረፍት ብቻ አይደለም። በከባድ እንቅልፍ ጊዜ ሰውነቱ የዕድገት ቅመም በብዛት ያመነጫል፤ አእምሮውም በቀን ያየውንና የሰማውን ያደላድላል። እንቅልፍ ያጣ አዋቂ ይፈዝዛል፤ እንቅልፍ ያጣ ሕፃን ግን ብዙ ጊዜ በተቃራኒው ይቅበጠበጣል፤ ያለ ምክንያት ያለቅሳል፤ ምግብ እንቢ ይላል፤ ይማታል። ወላጆችም ይህን አይተው «ገና አልደከመውም» ይላሉ። ነገሩ ግን ሌላ ነው። ሕፃኑ የድካምን ወሰን አልፏል፤ ሰውነቱ ንቁ ሆኖ ለመቆየት ራሱን እያነቃቃ ስለ ሆነ እንቅልፍ ከዚያ በኋላ በቀላሉ አይወስደውም። «ሳይቃጠል በቅጠል» እንደሚባለው፣ ዐይኑን ማሸት፣ ጆሮውን መጎተትና ማዛጋት ሲጀምር ማስተኛት የሚገባውም ለዚህ ነው።

፫. እንግዳ ክፍል እንቅልፍ የሚነሣው ለምንድን ነው?

አንደኛው ምክንያት ብርሃን ነው። በሰው አእምሮ ውስጥ ቀንና ሌሊትን የሚቆጥር የተፈጥሮ ሰዓት አለ። ሲጨልም አእምሮ ሜላቶኒን የተባለውን ቅመም ያመነጫል፤ ይህም ለሰውነት የመኝታ ጊዜ መድረሱን ያበሥራል። ከጣሪያ ላይ የሚወርድ ብሩህ አምፑል፣ ቴሌቪዥን ወይም የእጅ ስልክ ብርሃን ሜላቶኒኑ እንዲዘገይ ያደርጋል። በቤት ውስጥ ልጆች በሌላ ክፍል ስለሚተኙ ወይም መብራቱ ደብዛዛ ስለ ሆነ ይህ ችግር ጎልቶ አይታይም፤ በአንድ ክፍል ግን የአባት ስልክ የልጅ ፀሐይ ይሆናል።

ሁለተኛው ምክንያት ሙቀት ነው። ሰው እንቅልፍ እንዲወስደው የውስጥ ሰውነቱ ሙቀት በመጠኑ መቀነስ አለበት። በቆላ አገር ግድግዳው ቀን የዋጠውን ሙቀት ማታ ስለሚተፋው፣ ክፍሉ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላም ለብዙ ሰዓት ይሞቃል። የገዳሪፍ ሰዎች በበጋ አንገረብ የሚሉትን፣ በገመድ ወይም በጠፍር የተጠለፈ አልጋ ወደ ግቢ አውጥተው የሚተኙት ነፋሱ ከላይም ከታችም እንዲያገኛቸው ነው።

ሦስተኛው ምክንያት የሰዓት ነገር ነው። ኢትዮጵያ የምትከተለው ሰዓት ከግሪኒች ሰዓት በ3 ሰዓት ይቀድማል፤ ሱዳን ግን ከጥቅምት 2010 ዓ.ም. ወዲህ በ2 ሰዓት የሚቀድመውን ትከተላለች። ስለዚህ የመተማን ድልድይ የተሻገረ ሰው ሰዓቱን አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይመልሳል። በዚህ ላይ ሱዳኖች ሰዓትን የሚቆጥሩት ከእኩለ ሌሊትና ከቀትር ጀምረው ነው። በመተማ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን በገላባት 7 ሰዓት ይባላል። ፀሐይ ግን ድልድይ አታውቅም፤ የሕፃኑም ሰውነት እንዲሁ። በገዳሪፍ የግድግዳ ሰዓት 8 ሰዓት መሆኑን አይቶ «ገና ነው» የሚል አባት፣ ልጁ በጎንደር ሳለ ከምሽቱ 3 ሰዓት ከሚለው ጊዜ ላይ መድረሱን መዘንጋት የለበትም። ለጥቂት ቀን የሚቆይ ቤተሰብ ልጆቹን በአገራቸው ሰዓት ቢያስተኛቸው ይሻላል። ብዙ የሚቆይ ግን በየቀኑ 15 ደቂቃ ያህል እየገፋ ማለማመድ ይችላል።

አራተኛው ምክንያት እንግዳነት ነው። ሕፃን የሚተኛው በለመደው ሽታ፣ በለመደው ድምፅና በለመደው ቅደም ተከተል ነው። እነዚህ ሁሉ በአንድ ቀን ሲለወጡ ዐይኑን ለመጨፈን ይፈራል።

፬. ምሳሌ፦ የአንድ ቤተሰብ ማታ

ነገሩን በምሳሌ እንመልከት። አንድ ቤተሰብ ዘመድ ለመጠየቅ ከጎንደር ተነሥቶ ገዳሪፍ ገባ እንበል። ቤተሰቡ አባት፣ እናት፣ የአባት እናት፣ የ9 ዓመት ሴት ልጅ፣ የ4 ዓመት ወንድ ልጅና የ8 ወር ሕፃን ነው። የተከራዩት አንድ ክፍል ነው፤ ሦስት አልጋዎች፣ አንድ መስኮትና ከበሩ ፊት ለፊት ግቢ አለው። እራት እንደ በሉ በከተማው የሚኖሩ ዘመዶች «እንኳን ደኅና መጣችሁ» ለማለት ደረሱ። አያት ወዲያው ጀበናና ከሰል አስመጡ። ሕፃኑ ዐይኑን እያሸ ያለቅሳል፤ የ4 ዓመቱ ልጅ በአልጋዎቹ ላይ ይዘላል።

እናት ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እማማ፣ ልጆቹ ከሌሊት ጀምሮ መንገድ ላይ ነበሩ። አሁን ካልተኙ ሌሊቱን ሙሉ አያስተኙንም» አለች።

አያትም፣ «እንግዳ ደጃፍ ላይ ቆሞ ልጅ ተኝቷል ተብሎ በር ይዘጋል ወይ? ሰው ምን ይለናል፣ ልጄ?» ሲሉ መለሱላት።

«በር መዝጋትስ አይገባም። ግን እርስዎ ራስዎ ልጆችዎን ሲያሳድጉ ከመሸ በኋላ እንዲህ ያስቀምጧቸው ነበር?»

አያት ዝም አሉ። በዚህ ጊዜ ከእንግዶቹ መካከል በዕድሜ የገፉት ሴት ጣልቃ ገብተው፣ «ልጅቷ እውነቷን ነው። እኛም በዚህ አገር ስንኖር የተማርነው ይኸንኑ ነው። ማታ የሚጫወቱት በግቢ ነው። አንገረቡን አውጡት፤ ቡናውም እዚያው ይፈላ፤ ልጆቹም ይተኙ» አሉ።

እንደ ተባለውም ተደረገ። አባት አንዱን አልጋ ወደ ግቢ አውጥቶ እንግዶቹን ማጫወት ጀመረ፤ አያትም ቡናውን በግቢ አፈሉ። እናት ከክፍሉ ውስጥ ቀርታ መብራቱን አጠፋች፤ በሩንም ገርበብ አድርጋ በስንጥቁ በሚገባው ብርሃን ልጆቹን አስተኛች። እንግዳም አልተቀየመ፤ ልጅም አልተጎዳ።

ከዚህ ምሳሌ የምንረዳው ዋና ነገር አለ። በአንድ ክፍል ውስጥ የሕፃንን እንቅልፍ የሚነሣው ብዙውን ጊዜ የክፍሉ ጥበት ብቻ ሳይሆን አዋቂዎች ልማዳቸውን ከቦታው ጋር አለማስማማታቸው ነው። እንግዳ መቀበል መልካም ባህል ነው፤ ነገር ግን እንግዳን በግቢ መቀበልም መቀበል ነው።

፭. መደረግ የሚገባቸው ነገሮች

ሀ) የቤትን ምልክት ይዞ መሄድ። ሕፃኑ በቤቱ የሚተኛበትን ጨርቅ ወይም የእናቱን አሮጌ ነጠላ ሳይታጠብ ይዞ መሄድ ይጠቅማል። ሽታው ለሕፃኑ የቤት ማስረጃ ነው።

ለ) ቦታን ገና ብርሃን ሳለ መደልደል። ወደ ማደሪያው እንደ ደረሱ ማን የት እንደሚተኛ መወሰን ይገባል። የሕፃናቱ መኝታ ከመብራቱና ከበሩ ራቅ ብሎ በክፍሉ ጥግ ይሁን። በሁለት ምስማር መካከል በተወጠረ ገመድ ላይ ነጠላ ቢሰቀል አነስተኛ መጋረጃ ይሆናል። ነፋስ እንዳያግድ ግን ስስ መሆን አለበት።

ሐ) ቅደም ተከተልን አለመለወጥ። በቤት የሚደረገው ሁሉ በማደሪያውም በዚያው ተራ ይደረግ፤ መጀመሪያ እራት፣ ቀጥሎ ፊትንና እግርን በለብታ ውኃ መታጠብ፣ ቀጥሎ ሽንት፣ ቀጥሎ እሹሩሩ ወይም ተረት፣ በመጨረሻም ጨለማ። ቦታው ቢለወጥም ተራው ካልተለወጠ ሕፃኑ ቀጥሎ የሚመጣውን ያውቃል፤ ማወቁም ያረጋጋዋል።

መ) በዕድሜ ተራ ማስተኛት። ሁሉንም ልጆች በአንድ ጊዜ ማስተኛት እርስ በርስ እንዲረባበሹ ያደርጋል። ከላይ በተጠቀሰው ቤተሰብ፣ ሕፃኑ በኢትዮጵያ ሰዓት ከምሽቱ 1 ሰዓት፣ የ4 ዓመቱ ልጅ 1 ሰዓት ተኩል፣ የ9 ዓመቷ ልጅ 2 ሰዓት ተኩል ቢተኙና ንጋት 12 ሰዓት ቢነሡ፣ ትልቋ 9 ሰዓት ተኩል ትተኛለች፤ ትንንሾቹም የቀን እንቅልፍ ሲጨመርላቸው የሚገባቸውን ያህል ያገኛሉ። ትልቋ ልጅ በመካከሉ ያለውን ጊዜ ከአያቷ ጋር በግቢ ተረት እየሰማች ልታሳልፈው ትችላለች።

ሠ) የቀን እንቅልፍን መጠበቅ። በቆላ አገር ቀትር ላይ ሰው ሁሉ ያርፋል። ይህ ልማድ ለተጓዥ ሕፃናትም መልካም ነው። ይሁን እንጂ ከ4 ዓመት በላይ የሆነ ልጅ እስከ ማታ ድረስ ተኝቶ እንዳይውል ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት መቀስቀስ ይገባል።

ረ) ተራ መግባት። አንዱ ወላጅ ልጆቹን ሲያስተኛ ሌላው ከክፍሉ ውጭ ይቆይ። በማግሥቱ ተራው ይለወጥ። ሕፃን ማስተኛት የእናት ሥራ ብቻ ነው የሚለው አስተሳሰብ በመንገድ ላይ የበለጠ ይጎዳል፤ የደከመች እናት የሚያለቅስ ሕፃን ለማባበል ትዕግሥቷ ያንሳልና።

፮. አጎበርና የመኝታ ሰዓት

በገዳሪፍና በመተማ ቆላ የሕፃን የመኝታ ሰዓት ከበሽታ ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነው። አካባቢው ሁለት ከባድ በሽታዎች ይገኙበታል። አንደኛው ወባ ነው። የወባ ትንኝ ከምሽት እስከ ንጋት ትናከሳለች፤ በሽታው የሚበረታውም ከዝናቡ ወራት በኋላ ነው። ሁለተኛው ካላዛር ነው። የካላዛርን ጥገኛ ተሕዋስ የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ትባላለች። እርሷም ከትንኝ እጅግ የምታንስ፣ ስትበር ድምፅ የሌላት፣ በጥቁር ዋልካ አፈር ስንጥቅና በግራር ዛፎች አካባቢ የምትኖር ነፍሳት ናት። የምትናከሰው ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ሲሆን፣ በብዛት የምትታየውም ዝናቡ ከመጀመሩ በፊት ባሉት የሙቀት ወራት ነው። ካላዛር የያዘው ሰው ለረጅም ጊዜ ያተኩሰዋል፤ ይከሳል፤ ጣፊያው ያብጣል፤ ሕክምና ካላገኘም አብዛኛውን ጊዜ ይሞታል። በበሽታው በብዛት ከሚጠቁት መካከል ሕፃናት ይገኙበታል።

ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2001 በምሥራቅ ሱዳን በብዙ መንደሮች ከ350,000 በላይ ፀረ ነፍሳት መድኃኒት የተነከሩ አጎበሮችን አድሎ ነበር። በኋላ በተደረገው ጥናት የካላዛር በሽተኞች ቁጥር መቀነሱ ታወቀ። ነገር ግን አጎበሩ ሊያስገኝ የሚችለው ጥቅም ሁሉ አልተገኘም። ምክንያቱም የአሸዋ ዝንብ በምትበዛበት የሙቀት ወቅት ሰዎች በአጎበር የሚጠቀሙት ጥቂት ብቻ ነበሩ። ሙቀቱ ያስጨንቃቸዋል፤ በዚያ ወቅት የሚጮህ ትንኝ ስለሌለም አጎበር አያስፈልግም ብለው ያስባሉ። ድምፅ የሌላት ዝንብ ግን ሥራዋን ትሠራለች።

ከዚህ የምንማረው አጎበር መያዝ ብቻ እንደማይበቃ ነው። አጎበር የሚያገለግለው ሰው ከሥሩ ሲገባ ነው። ሕፃን እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት በግቢ ሲሯሯጥ ቆይቶ ከዚያ በኋላ በአጎበር ሥር ቢተኛ፣ ነፍሳቱ እስከዚያ ድረስ የፈለጉትን አድርገዋል። በጊዜ የተኛ ሕፃን ግን ቀደም ብሎ ከአጎበሩ ሥር ስለሚገባ ተጨማሪ የጥበቃ ሰዓታት ያገኛል። ስለዚህ በዚህ አካባቢ ልጅን በጊዜ ማስተኛት ከክትባትና ከንጹሕ ውኃ ጋር አብሮ የሚታሰብ የጤና ጥበቃ ነው። አጎበሩ ቀዳዳ የሌለው መሆኑን፣ ጠርዙም ከፍራሹ ወይም ከሰሌኑ ሥር መወተፉን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ውጭ በአንገረብ ላይ የሚተኙ ከሆነም አጎበሩን በአራት እንጨቶች ላይ መስቀል ይቻላል። በግቢ የሚያመሹ አዋቂዎችም እጅና እግራቸውን በልብስ መሸፈን ይገባቸዋል።

፯. በክፍል ውስጥ ሊደርሱ የሚችሉ አደጋዎች

ብዙ ሰው በሚያድርበት ክፍል ውስጥ ከሰል አንድዶ መተኛት እጅግ አደገኛ ነው። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ መርዘኛ ጋዝ ይወጣዋል። ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም። ሰውን በእንቅልፉ እንዳለ አደንዝዞ ይገድላል፤ ሕፃናትንም ፈጥኖ ይጎዳል። ስለዚህ የቡና ምድጃ ጨርሶ ከክፍሉ ውጭ ይሁን፤ ፍሙ የጠፋ ቢመስልም ወደ ውስጥ አይግባ። ኩራዝና ሻማም ከአጎበር አጠገብ አይቀመጡ።

ከአንድ ዓመት በታች የሆነ ሕፃን ከወላጆቹ ጋር በአንድ ክፍል ማደሩ መልካም ነው፤ ሲያለቅስ ፈጥነው ይሰሙታልና። ነገር ግን አልጋው የጠበበ ከሆነና ሁለት ሦስት ሰው የሚተኛበት ከሆነ ሕፃኑ ሊታፈን ይችላል። ስለሆነም ከአልጋው አጠገብ በጠንካራ ንጣፍ ላይ በጀርባው ቢተኛ ይሻላል። ትራስና ወፍራም ብርድ ልብስ ከፊቱ መራቅ አለባቸው፤ ራሱም በሙቀት አገር አይሸፈን። ወለል ላይ ከመነጠፉ በፊት ጊንጥ መኖር አለመኖሩን በባትሪ መብራት መፈተሽ ያስፈልጋል። ልጆችም ጠዋት ጫማቸውን አራግፈው እንዲያደርጉ ማስተማር ይገባል።

፰. ክፍልም በማይኖርበት ጊዜ

እስካሁን የተናገርነው ገንዘብ ከፍሎ ክፍል ስለሚከራይ ቤተሰብ ነው። በድንኳን ወይም በተጨናነቀ መጠለያ ውስጥ ስለሚያድር ቤተሰብስ ምን ይባላል? በ2013 ዓ.ም. ኡም ራኩባና ቱናይድባ የገቡ ቤተሰቦች በዚያው ዓመት የዝናቡ ወራት ሲቃረብ በተነሣው ኃይለኛ ነፋስ ብዙ ድንኳኖች ፈርሰውባቸዋል። ለእነዚህ ቤተሰቦች ስለ መጋረጃና ስለ መብራት መምከር ቀልድ ሊመስል ይችላል።

ሆኖም ከላይ ከተጠቀሱት ነገሮች መካከል ገንዘብ የማይጠይቅ፣ ነፋስም የማይጥለው አንድ ነገር አለ። እርሱም ቅደም ተከተል ነው። ከቤቱ የተፈናቀለ ሕፃን በሌሊት ይባንናል፤ ይጮኻል፤ ትቶት የነበረውን አልጋ ማርጠብ እንደገና ይጀምራል። ይህ ጥጋብ ወይም ስንፍና አይደለም፤ የፍርሃት ምልክት ነው፤ በመሆኑም ሊገሠጽበት አይገባም። በየማታው በዚያው ሰዓት እግሩ ሲታጠብለት፣ ያችው ተረት ስትነገረው፣ የሚያውቀው ድምፅ እሹሩሩ ሲለው፣ ነገ የሚሆነውን ባያውቅም ዛሬ ማታ የሚሆነውን ያውቃል። ቤት ማለት ግድግዳና ጣሪያ ብቻ ቢሆን ኖሮ ስደተኛ ሁሉ ቤት አልባ በሆነ ነበር፤ ለሕፃን ግን የቤቱ አንድ ክፍል በየማታው ሳይቋረጥ የሚደገመው ነገር ነው።

በአንድ የመማሪያ ክፍል ብዙ ቤተሰቦች በሚያድሩበትም ጊዜ መስማማት ይቻላል። ሕፃናት ያሏቸው ቤተሰቦች በአንድ ወገን ቢሆኑ፣ ሁሉም የሚያከብረው የጸጥታ ሰዓት ቢወሰን፣ አዋቂዎችም ጨዋታቸውን ወደ በረንዳ ቢያወጡ፣ ችግሩ ባይጠፋም ይቃለላል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንዲሉ፣ ይህ የአንድ ቤተሰብ ሥራ ሳይሆን የሁሉም ነው።

በአጠቃላይ ሕፃን የመኝታ ሰዓቱን በራሱ ሊያስከብር አይችልም። የሚያስከብሩለት አብረውት የሚያድሩት አዋቂዎች ናቸው። አባት ስልኩን፣ አያት የቡናውን ምድጃ፣ እንግዳም ወንበሩን ጥቂት ወደ ውጭ ፈቀቅ ቢያደርጉ፣ አንዲት ጠባብ ክፍል ለስድስት ሰው ትበቃለች።

ጥያቄዎች

1. የገዳሪፍና የጎንደር የከፍታ ልዩነት በሕፃናት እንቅልፍ ላይ ምን ለውጥ ያስከትላል?
2. «ፀሐይ ግን ድልድይ አታውቅም» የተባለው ለምንድን ነው? በራሳችሁ አነጋገር አስረዱ።
3. በምሳሌው ውስጥ አያትና እናት ያልተስማሙት በምን ነበር? የሁለቱንም ሐሳብ ደግፋችሁ አንዳንድ አንቀጽ ጻፉ።
4. አጎበር ያላቸው ሰዎች ሁሉ ከካላዛር ያልተጠበቁት ለምንድን ነው?
5. በቤታችሁ ታናናሾቻችሁ ከመተኛታቸው በፊት የሚደረገውን ቅደም ተከተል በዝርዝር ጻፉ። ከዚህ ውስጥ በጉዞ ጊዜ ሊቀር የማይገባው የትኛው ነው? ምክንያታችሁን ግለጹ።